የፊያት 124 ስፓይደር ኮምፕሬሽን ስታሳድጉ ሒሳቡን ለአባይ በረሃ ስሩት

ባሕር ዳር ላይ የኮምፕሬሽን ጌጅ ሰክታችሁ 9 ባር ካነበባችሁ ሞተራችሁ አልቋል ማለት አይደለም። ይህን የማስቀድመው ብዙ ደህና ሞተር በዚህች ቁጥር ምክንያት ያለ ጥፋቱ ሲፈታ ስላየሁ ነው። ጣና የተኛው ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ነው። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ጅቡቲ ወደብ ላይ ካለው 80 በመቶ ያህል ቢሆን ነው። ስለዚህ ጅቡቲ ላይ 11 ባር የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር እዚህ መጥቶ 9 ባር ገደማ ቢያሳይ ያው ሞተር ነው። የሳሳው አየሩ ነው።

ይኸው ስስ አየር ግን የድሮ ስፖርት መኪና ላለን ሰዎች ዕድልም ይዞልናል። ሲሊንደሩ የሚስበው አየር ትንሽ ከሆነ ያንኑ ትንሽ አየር ጠበቅ አድርጎ መጭመቅ ይቻላል፤ ጣና ዳር ላይ ሞተሩ ምንም አይልም። ችግሩ መኪናዋ ዕድሜ ልኳን ጣና ዳር አትኖርም። አንድ ቀን አዲስ አበባ ትሄዳላችሁ። ከደጀን ቁልቁል ወርዳችሁ አባይ ድልድይ ስትደርሱ ከፍታው ወደ 1,100 ሜትር ይወርዳል፣ ሙቀቱ ይጨምራል፣ አየሩ ይወፍራል። ከዚያ ወደ ጎሐ ጽዮን ከ1,300 ሜትር በላይ ሽቅብ አለ፤ በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ፣ ቤንዚኑን ረግጣችሁ። የሠራችሁት ሥራ የሚፈተነው እዚያ ዳገት ላይ ነው። የዚህ ጽሑፍ ነገሩ ሁሉ እሱ ነው፦ ሬሾውን፣ ማለትም ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ የሲሊንደሩ ቦታ በስንት እጥፍ እንደሚጠብ የሚናገረውን ቁጥር፣ ስትመርጡ የከተማችሁን አስፋልት ሳይሆን አባይ በረሃን እያሰባችሁ ምረጡ።

እኔ የማወራው ስለ ፊያት 124 ስፖርት ስፓይደር ነው፤ ኩፔዋም ያው ሞተር ናት። ሞተሩን የነደፈው አውሬሊዮ ላምፕሬዲ ነው፤ ፊያት ከመግባቱ በፊት ፌራሪ ቤት ትልልቅ ቪ12 ሞተሮችን የሠራ መሐንዲስ። ስፓይደሯ እ.ኤ.አ. በ1966 ስትወጣ 1,438 ሲሲ ነበረች። የሲሊንደሩ ስፋት 80 ሚሊ፣ የፒስተኑ ጉዞ 71.5 ሚሊ፣ ሬሾው 8.9 ለ1፣ ጉልበቷ 90 ፈረስ። ብሎኩ ብረት፣ ቴስታታው (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው፣ ቫልቮቹን የያዘው) አሉሚኒየም ነው። ሁለቱን ካምሻፍቶች የሚያዞራቸው ጥርስ ያለው የጎማ ቺንጋ ነው፤ በዚያ ዘመን ይህ ገና አዲስ ነገር ነበር። በኋላ 1,608፣ 1,756 እና 1,995 ሲሲዎቹ መጡ። አሠራራቸው አንድ ስለሆነ ሒሳቡ ላይ የራሳችሁን ቁጥር ተኩ። ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩት 1,756 እና 1,995 ሬሾአቸው 8 ገደማ ነው፤ እዚያ የጭስ ሕግ ሲጠብቅ ፊያት ዝቅ አድርጎ ሠራቸው። እንዲህ ዓይነቱ ሞተር እጃችሁ ከገባ ብዙ የምታተርፉት እናንተ ናችሁ።

አሁን እውነቱን ልንገራችሁ። ሬሾውን በአንድ ቁጥር ብታሳድጉ የምታገኙት ጉልበት 3 በመቶ ገደማ ነው። ከፍታው ግን ወደ 20 በመቶ ወስዶባችኋል። የጠፋውን ሁሉ ኮምፕሬሽን አይመልስም። የሚመጣው ለውጥ ቤንዚን ስትነኩ ሞተሩ ቶሎ መልስ መስጠቱ፣ መካከለኛ ዙር ላይ መጠንከሩና ፍጆታው ትንሽ መሻሻሉ ነው። እሱም ደስ ይላል፤ በተለይ ከወረታ ወደ አዲስ ዘመን ስትነዱ ልዩነቱን እግራችሁ ላይ ታውቁታላችሁ። ግን ደህና ሞተር ለዚህ ብቻ ብላችሁ አትክፈቱ። ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቆ፣ ዘይት እየበላ፣ እንዲያውም ሲሊንደሩን ለማስፋት ሬትፊካ ሊገባ ከሆነ ግን ጊዜው አሁን ነው፤ አንዴ ከተከፈተ ያንኑ ፒስተን መልሶ መግጠም ያስቆጫል።

ከመክፈታችሁ በፊት

ሞተሩን አሙቁ። አራቱንም ካንዴላ ፍቱ፣ የቦቢናውን ገመድ ንቀሉ፣ ቤንዚኑን ሙሉ በሙሉ ረግጣችሁ ሞተሪኖውን አዙሩ። አራቱንም ሲሊንደር መዝግቡ። አስፈላጊው ነገር ቁጥሩ ትልቅ መሆኑ ሳይሆን አራቱ መቀራረባቸው ነው፤ ከ10 በመቶ በላይ ልዩነት ካለ አንድ ነገር አለ። ዝቅ ባለው ሲሊንደር ውስጥ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ጨምሩና ድገሙት። ከፍ ካለ ፋሻው ነው። ካልተነቃነቀ ቫልቭ ወይም ጓርኒሲዮን (በብሎኩና በቴስታታው መሃል የሚገባው ማሸጊያ) ነው። ይህን ሳታውቁ ኮምፕሬሽን ማሳደግ የተቀደደ ጆንያ ውስጥ እህል እንደመጨመር ነው።

ሌላው፣ ራዲያተሩን ተመልከቱ። እዚህ ከተማ ከሐይቁ በጀሪካን ቀድቶ ራዲያተር የሚሞላ ሰው አሁንም አለ። ለአሉሚኒየም ቴስታታ ይህ መርዝ ነው፤ ውሃው የሚያልፍባቸው ቀዳዳዎች ጠርዝ ቀስ በቀስ ይበላል፣ ከዚያ ጓርኒሲዮኑ የሚቀመጥበት ፊት ይጎደጉዳል። ቴስታታውን ስታወርዱ መጀመሪያ የምታዩት ይህንን ይሁን። የተበላ ፊት ላይ ከፍ ያለ ኮምፕሬሽን ብትጭኑበት ብዙ አይቆይም።

መለካት

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። መጽሐፉ 8.9 ስላለ የእናንተም 8.9 ነው ብላችሁ አትነሱ። ከ50 ዓመት በላይ የኖረ ሞተር ስንቴ እንደተከፈተ፣ ስንቴ እንደተላገ፣ ምን ዓይነት ጓርኒሲዮን እንደገባበት ማንም አያውቅም። የምታምኑት በገዛ እጃችሁ የለካችሁትን ብቻ ነው።

ከፋርማሲ ባለ 10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ግዙ። ትልቁ ባለ 60 ይፈጥናል፣ ግን ምልክቱ ሻካራ ስለሆነ ያሳስታል። ወፍራም፣ ጠፍጣፋ፣ ጥርት ያለ ፕላስቲክ ፈልጉና ከሲሊንደሩ ሰፋ አድርጋችሁ ቁረጡት፤ ጠርዙ አካባቢ 5 ሚሊ የምታህል ቀዳዳ ብሱ። ቴስታታውን ገልብጣችሁ አግዳሚ ላይ አስቀምጡ፤ ቫልቮቹና ካንዴላው ቦታቸው ላይ ይሁኑ። ቤንዚኑ የሚነድበትን ጉድጓድ ዙሪያ ግራሶ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፣ ፕላስቲኩን ጫኑበት። ቀዳዳዋ ያለችበት ጎን ትንሽ ከፍ እንዲል ቴስታታውን አዘንብሉት። ከዚያ ላምባ በሲሪንጅ ጨምሩ። ላምባው ነጭ ስለሆነ እንዲታያችሁ ጥቂት ቀይ የኦቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ጣል አድርጉበት።

እኔ ይህንን የምሠራው ማታ ነው። ቀን ቀን በር ላይ የሚያልፈው ባጃጅ ሁሉ አግዳሚውን ያንቀጠቅጠዋል። ማታ ባትሪ መብራቱን ከጎን ስታበሩበት ቀዩ ላምባ ቫልቮቹን ሸፍኖ ወደ ፕላስቲኩ ሲወጣ ይታያችኋል፤ መጨረሻ ላይ አንዲት አረፋ ብቻ ትቀራለች፣ የምስር ፍሬ ታህላለች። ያቺን አረፋ ቀስ ብላችሁ ወደ ቀዳዳዋ ሸኟት። ስትወጣና ላምባው ቀዳዳዋን ሲሞላ ቆሙ። ስንት ሲሪንጅ ተኩል እንደገባ ጻፉ። ሦስቴ ድገሙ፤ ሦስቱ ካልተቀራረቡ አራተኛ። አራቱንም ጉድጓድ እንዲሁ።

ቀጥሎ ፒስተኑ። አናቱ ጉብ ያለ ስለሆነ ያ ጉብታ ስንት ቦታ እንደሚይዝ ማወቅ አለባችሁ። ፒስተኑን ጫፍ ላይ አድርሱት፣ ከዚያ በትክክል 10 ሚሊ ዝቅ አድርጉት፣ ዳር ዳሩን በግራሶ ዝጉና ፕላስቲኩን ሲሊንደሩ ላይ ጫኑ። ፒስተኑ ጠፍጣፋ ቢሆንና ጫፍ ላይ ሲደርስ ከብሎኩ ፊት እኩል ቢሆን ኖሮ 80 ሚሊ ስፋት በ10 ሚሊ ቁመት 50.3 ሲሲ ይይዛል። የገባው ላምባ ከዚያ ያነሰው በጉብታው ልክ ነው። ጉብታው ከብሎኩ ፊት ብቅ ብሎ ፕላስቲኩን ከነካ 15 ሚሊ አውርዱት፤ ያኔ ሙሉው 75.4 ነው።

አሁን ሒሳቡ። እነዚህ ቁጥሮች ለማሳያ ናቸው፣ የእናንተን በቦታቸው አስገቡ። የቴስታታው ጉድጓድ 48.2 ሲሲ ሆነ እንበል። ጓርኒሲዮኑ ተጨምቆ 1.5 ሚሊ ውፍረት አለው፣ ቀዳዳው 81.5 ሚሊ ነው፤ ይህ 7.8 ሲሲ ነው። ላምባው 41.4 ስለገባ የፒስተኑ ጉብታ 8.9 ሲሲ ይይዛል። 48.2 ሲደመር 7.8 ሲቀነስ 8.9፣ 47.1 ሲሲ። ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ ከላዩ የሚቀረው ቦታ ይህ ነው። ፒስተኑ የሚጠርገው ደግሞ 359.4 ሲሲ ነው። ሁለቱን ደምሩና በ47.1 አካፍሉ፤ 8.6 ይመጣል። አያችሁ? መጽሐፉ ያለው 8.9 በወፍራም ጓርኒሲዮን ብቻ እንዲህ ሊወርድ ይችላል።

ስንት ላይ እንቁም? እኔ 9.5 እላለሁ። ባሕር ዳር ላይ ብቻ ለሚነዳ ከዚያም በላይ ይሄዳል፤ ብዙ ሰው ከ10 አልፎ ደስ ብሎት ይነዳል። ግን አባይ በረሃ ውስጥ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳሩ በ9 በመቶ ገደማ ይበልጣል። ሙቀቱ አለ። ቤንዚኑ አለ። ማደያ ጠፍቶ በሃይላንድ ጠርሙስ የተገዛ ቤንዚን ውስጥ ምን እንደተቀላቀለ ሻጩም ላያውቀው ይችላል። ጥራቱ የወረደ ቤንዚን ቶሎ ያንኳኳል፤ ማለትም ያለ ሰዓቱ ነዶ ፒስተኑን ይመታል። 9.5 ለዚህ ሁሉ ትንፋሽ ይተውላችኋል።

ለ9.5 የሚያስፈልገው ቦታ 359.4 ለ8.5 ሲካፈል፣ 42.3 ሲሲ ነው። ስለዚህ 4.8 ሲሲ መቀነስ አለብን።

ፒስተን፣ ጓርኒሲዮን፣ ከዚያ ብቻ ቴስታታ

አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ቴስታታ ወደ ማስላግ ነው፤ ርካሽና ቅርብ ስለሆነ። 4.8 ሲሲ በማስላግ ብቻ ልታመጡ ብትሉ ግን ወደ 1 ሚሊ ማንሳት ሊኖርባችሁ ነው። አይሆንም። ቫልቮቹ ወደ ፒስተኑ ይቀርባሉ፣ ካምሻፍቶቹ ስለሚወርዱ የቺንጋው ልክ ይዛባል፣ ቴስታታውም ለወደፊት የሚላግ ሥጋ አይኖረውም። አሉሚኒየም ነው፤ አንድ ቀን ሞቆ ቢጣመም ማስተካከያው የሚላገው ያ ሥጋ ነው።

እኔ ላይ ደርሷል። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ቴስታታ 0.3 ሚሊ ብቻ እንዲላግ ብዬ ለአንድ ቶርኖ ቤት ሰጠሁ። ሲመለስ እንደ መስታወት ያበራ ነበር፤ ደስ ብሎኝ ሳልለካ ወሰድኩት። ቤት ወስጄ ቫልቭና ፒስተን ምን ያህል እንደሚራራቁ ስፈትሽ 0.4 ሚሊ ብቻ ቀርቷል። ቁመቱን ስለካ የተነሳው 0.9 ሆኖ ተገኘ። ያ ቴስታታ እስካሁን መደርደሪያ ላይ ነው። ስለዚህ ስትሰጡም ስትቀበሉም ቁመቱን በካሊፐር አራቱም ማዕዘን ላይ ለኩ፣ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ አብራችሁ ስጡ፣ ከተቻለም ሲሠራ አጠገቡ ቁሙ።

ዋናውን ሥራ ፒስተኑ ይሥራው። አናቱ ከድሮው 3 ሲሲ ከፍ ያለ ጉብታ ያለው ፒስተን ካገኛችሁ፣ ጓርኒሲዮኑን ደግሞ ከ1.5 ወደ 1.2 ሚሊ ብትቀይሩ እሱ ብቻውን 1.6 ሲሲ ይቀንሳል። ድምሩ 4.6። የሚቀረው ቦታ 42.5፣ ሬሾው 9.46። ቴስታታው ሳይነካ። ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ አጋድማችሁበት ከሥሩ 0.05 ሚሊ ፊለር ጌጅ ካላለፈ ጭራሽ አታስልጉት፣ አጽዱት ብቻ።

ፒስተን ከየት? መርካቶ ሶማሌ ተራ አንዳንዴ ያልታሰበ ነገር ይገኛል፤ ጣሊያን ወይም አሜሪካ ዘመድ ያለው ደግሞ በሻንጣ ያስመጣል። አራት ፒስተን ከነፋሻው ከባድ አይደለም። ከመክፈላችሁ በፊት ግን እነዚህን ጠይቁ፦ የፒኑ ውፍረት ከእናንተ ቢየላ (ፒስተኑን ከክራንክ ሻፍቱ ጋር ከሚያያይዘው ክንድ) ጋር ይገጥማል ወይ? ከፒኑ መሃል እስከ ፒስተኑ ትከሻ ያለው ቁመት ከድሮው ጋር እኩል ነው ወይ? ለቫልቮቹ የተቆረጠው ጎድጓዳ በትክክለኛው ቦታና ማዕዘን ነው ወይ? "80 ሚሊ ነው፣ የፊያት ነው" ብቻ ተብላችሁ አትግዙ። ስፋቱ አንድ ሆኖ ቁመቱ የማይገጥም ፒስተን ወይ ቴስታታ ይመታል፣ ወይ ታች ቀርቶ የነበረውን ሬሾ ያሳጣችኋል።

ሲሊንደሩ ካለቀና ሰፋ ያለ ፒስተን የምታስገቡ ከሆነ ፒስተኑ እጃችሁ ሳይገባ ብሎኩን ሬትፊካ አታስገቡ። ሬትፊካው እያንዳንዱን ሲሊንደር በእያንዳንዱ ፒስተን ልክ ነው የሚሠራው። የተገላቢጦሽ ሠርተው ወራት የጠበቁ ሰዎች አውቃለሁ።

አራቱን ፒስተኖች መዝኑ። የወርቅ ቤት ሚዛን ይበቃል፤ ባለቤቱን በጨዋ ቋንቋ ከጠየቃችሁት እምቢ አይልም። በግራም ደረጃ ይቀራረቡ። የከበደውን ከውስጥ በኩል፣ ከፒኑ በታች ካለው ትርፍ ቦታ በጥንቃቄ ሞርዳችሁ ከቀላሉ ጋር አስተካክሉት። አናቱን ግን በፋይል አትንኩ፤ ሹል ጠርዝ ካለው ብቻ በጣም ቀጭን የአሸዋ ወረቀት ለስለስ አድርጉት። ሹል ጠርዝ እሳት ውስጥ ይግላል፣ የጋለ ጠርዝ ካንዴላው ሳይተኩስ ቤንዚኑን ያቃጥላል።

ፋሻውን ፒስተኑ ላይ ከማስገባታችሁ በፊት ለብቻው ሲሊንደሩ ውስጥ አስገቡት፣ በተገለበጠ ፒስተን ገፋ አድርጋችሁ ቀጥ እንዲል አድርጉ፣ ጫፍና ጫፉ መሃል ያለውን ክፍተት ለኩ። ለ80 ሚሊ ከ0.30 እስከ 0.45 መሃል ጥሩ ነው። ከጠበበ ሲግል ይገጥምና ሲሊንደሩን ይቧጭራል። ሦስቱን ክፍተቶች በአንድ መስመር አታሰልፏቸው፣ ዙሪያውን በትኗቸው።

ፕላስቲሲን

ይህንን የሚዘል ሰው አይቻለሁ፣ አትዝለሉት። የልጆች ፕላስቲሲን ግዙ። አንዱ ፒስተን አናት ላይ፣ የቫልቭ ጎድጓዳዎቹ ላይ ሳሳ አድርጋችሁ ለጥፉ፣ ላዩን ዘይት ቀቡ። ቴስታታውን ልትገጥሙት ባሰባችሁት ዓይነት ጓርኒሲዮን ላይ አስቀምጡና እሰሩት፣ ቺንጋውን በምልክቱ ግጠሙ፣ ሞተሩን በእጃችሁ በኪያቤ ሁለት ሙሉ ዙር አዙሩ። በእጅ ነው የምላችሁ። ሞተሪኖ እንዳትነኩ። ከከበዳችሁ ቆሙ፤ የሆነ ነገር ነክቷል።

ክፈቱና ፕላስቲሲኑን በምላጭ ቁረጡት። የቫልቩ ቅርጽ ተቀርጾበት ታገኙታላችሁ። በጣም የሳሳችውን ቦታ በካሊፐር ለኩ። በአየር ማስገቢያው ቫልቭ በኩል ከ1.5 ሚሊ፣ በጭስ ማውጫው በኩል ከ2 ሚሊ ማነስ የለበትም። የጭሱ ቫልቭ የበለጠ ስለሚግልና ስለሚረዝም ነው ልዩነቱ። የፒስተኑ ጉብታ ከቴስታታው ጋር ደግሞ ቢያንስ 1 ሚሊ ይራራቅ። ካነሰ ወይ ወፍራሙን ጓርኒሲዮን መልሱ ወይ የቫልቭ ጎድጓዳው በባለሙያ ይጠለቅ፤ ጎድጓዳውን ስትቆርጡ ሬሾው ትንሽ እንደሚወርድ አትርሱና እንደገና በላምባ ለኩ። አሰልቺ ነው። ግን አንድ ቫልቭ ፒስተን ቢመታ ስንት ነገር ይዞ እንደሚሄድ አስቡ።

ሲገጠም

የብሎኩን ፊት ስታጸዱ የጓርኒሲዮን ርጋፊ ውሃና ዘይት መስመር ውስጥ እንዳይገባ በጨርቅ ድፈኑ። የብሎን ጉድጓዶቹ ውስጥ ዘይትም ውሃም አይቅር። ታች የተደፈነ ጉድጓድ ውስጥ ፈሳሽ ካለ ብሎኑ ሲጠብቅ ፈሳሹ መውጫ አጥቶ ብሎኩን ይሰነጥቃል። በአየር ንፉት፣ ኮምፕሬሰር ከሌለ ጨርቅ በሽቦ ጠቅልላችሁ አድርቁት። ብሎኖቹን በቶርክ ሬንች፣ ከመሃል ወደ ዳር እየዞራችሁ፣ በአንዴ ሳይሆን ከፍ እያደረጋችሁ ሦስቴ አጥብቁ። ልኩን ከእናንተው ሞተር መጽሐፍ ውሰዱ፤ ከ1,438ቱ ወስዳችሁ ለ1,995ቱ አትጠቀሙ።

ቺንጋው አዲስ ይሁን። አሮጌ ቺንጋ መልሶ መግጠም የሚባል ነገር የለም፤ ደህና መስሎ ይታያል፣ ጥርሱ ግን ሥሩ ላይ ይሰነጠቃል። ቴስታታውን ካስላጋችሁ ወይም ጓርኒሲዮኑን ካሳሳችሁ ካምሻፍቶቹ ወደ ክራንክ ሻፍቱ ቀርበዋል፤ ስለዚህ በምልክቱ ብትገጥሙት እንኳ ቫልቮቹ በጥቂቱ ይዘገያሉ። 0.3 ሚሊ ብዙ አያናጋም። ከዚያ በላይ ከሆነ የሚስተካከል የካም ጥርስ ፈልጉ።

ካርቦራተር፣ እሳትና ውሃ

አሁን የባሕር ዳር መካኒክ ሁሉ የሚያውቀውን ነገር ልንካ። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ለባሕር ወለል የተስተካከለ ዌበር ካርቦራተር ቤንዚን ያበዛል። ካንዴላው ይጠቁራል። ስለዚህ ዋናውን ጄት (ቤንዚኑ የሚያልፍባትን ጠባብ ቀዳዳ) አንድ ወይም ሁለት ቁጥር ዝቅ ማድረግ ትክክል ነው። ግን ልብ በሉ። እዚህ ልክ የሆነው አባይ በረሃ ሲወርድ ይሳሳል፤ አየሩ ወፍሮ ቤንዚኑ ያው ነዋ። የሳሳ ቅልቅል ይግላል፣ የጋለ ሞተር ያንኳኳል። ስለዚህ ፍጆታ ልቆጥብ ብላችሁ እስከ ጫፍ አታሳሱት። ካንዴላው ባሕር ዳር ላይ ቡናማ ሆኖ ትንሽ ወደ ጥቁረት ያደላ ከሆነ በዚያው ተዉት።

ኮምፕሬሽን ሲጨምር እሳቱ ቶሎ ይስፋፋል፣ ስለዚህ ቀድሞ መተኮስ የለበትም። ከመጽሐፉ 2 ዲግሪ አዘግይታችሁ ጀምሩ። ስፒንትሮጅኑን (እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለውን) አላልታችሁ ሮተሩ በሚዞርበት አቅጣጫ ትንሽ ብታዞሩት ይዘገያል። ከዚያ በፊት ግን ውስጡ ያለው የእሳት መቆራረጫ፣ ፑንቲናው፣ ንጹሕና ክፍተቱ ልክ ይሁን፤ ፑንቲናው ሲለወጥ ሰዓቱም አብሮ ይለወጣል። ካንዴላውንም አንድ ደረጃ ቀዝቃዛ ከሆነው ዓይነት ግዙ።

ውሃ ባሕር ዳር ላይ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው። ክፍት ድስት ላይ ማለቴ ነው። ራዲያተር ውስጥ ይህንን ከፍ የሚያደርገው የክዳኑ ግፊት ነው። ጎማዋ ያረጀች ክዳን ካላችሁ ይህ ሁሉ ሥራ በዚያች ክዳን ይበላሻል። አዲስ ግዙ። ኩላንት ሙሉ፣ የሐይቅ ውሃ አይደለም።

መንገድ ላይ

የመጀመሪያውን 1,000 ኪሎ ሜትር ለፋሻው ስጡት። ከባሕር ዳር በሐሙሲት ወደ ወረታ የሚወስደው መንገድ ለዚህ የተሠራ ይመስላል፤ የፎገራ ሜዳ ላይ፣ ሩዙ ግራና ቀኝ፣ ረጅምና ረጋ ያለ። በአንድ ፍጥነት ግን አትንዱ። ጨመር፣ ለቀቅ፣ ጨመር፣ ለቀቅ። ለቀቅ ስታደርጉ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚፈጠረው መሳብ ዘይት ወደ ፋሻው ያመጣል። ዘይቱን ከመጀመሪያዎቹ 300 ወይም 400 ኪሎ ሜትር በኋላ ቀይሩ፤ ብርሃን ላይ ስታዩት ብልጭ ብልጭ የሚል የብረት ዱቄት ይኖረዋል፣ አትደንግጡ። የጣት ጥፍር የሚያህል ስብርባሪ ካለ ደንግጡ።

ከዚያ ቤዛዊት ኮረብታ ላይ ሞክሯት። ዳገቱ አጭር ነው ግን ለጆሮ ይበቃል። በሦስተኛ ማርሽ፣ ከዝቅተኛ ዙር፣ መስኮት ከፍታችሁ ቤንዚኑን ርገጡ። የምታዳምጡት ቆርቆሮ ውስጥ ሽምብራ ሲንቀጠቀጥ ያለውን ድምፅ ነው። ከሰማችሁት እግራችሁን አንሱ፣ እሳቱን ሌላ 2 ዲግሪ አዘግዩ። ካልሰማችሁት ደስ ይበላችሁ፣ ግን ገና ነው።

የአዲስ አበባው ጉዞ ሲመጣ ታንከሩን ከማደያ ሙሉ። ድልድዩን ተሻግራችሁ ወደ ጎሐ ጽዮን ስትወጡ ሬድዮውን አጥፉ። ማርሹን አታስጨንቁት፤ ዙሩ ከፍ ይበል፣ ዝቅ ብሎ እየተጨናነቀ አይውጣ። ሽምብራዋን ከሰማችሁ ማርሽ ቀንሱና ቤንዚኑን አላሉ፣ ሙቀቱን እዩ። ጎሐ ጽዮን ስትደርሱ ቡና ጠጡ፣ ሞተሩ ይቀዝቅዝ፣ ካንዴላዎቹን ፍቱና ነጩን ሸክላ በፀሐይ ተመልከቱ። ንጹሕ ቡናማ ከሆነ ሥራችሁ ልክ ነው። ነጭ ሆኖ ከነጣ ቅልቅሉ ሳስቷል፣ ጄቱን አንድ ቁጥር መልሱ። የበርበሬ ዱቄት ቅንጣት የሚያክሉ ጥቃቅን ብራማ ነጠብጣቦች ካሉበት ግን እነሱ ከፒስተናችሁ አናት የተነሱ አሉሚኒየም ናቸው። ያኔ እሳቱን አዘግይታችሁ በቀስታ ተጓዙ፣ ስትመለሱ 1.5 ሚሊውን ጓርኒሲዮን መልሳችሁ ግጠሙ። ሬሾው ወደ 9.2 ይወርዳል። እኔ ብሆን ያለ ቅሬታ እነዳታለሁ።